ከሣጥኑ የወጡ ሰዎች

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው አነጋገር በወጣበት ዘመን ሰው ያየውንና የሰማውን ለተከታዩ ትውልድ የሚያስተላልፍባቸው መንገዶች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንደበትና ብራና። ዛሬ ሦስተኛ መንገድ ተጨምሯል። እርሱም የሚንቀሳቀሰው፣ የሚናገረውና የሚዘፍነው ምስል ነው። ይህ ሦስተኛው መንገድ ከሚረሳው ወገን ይቈጠራል ወይስ ከሚወረሰው? አባባሉ መልስ አልተወልንም።

መልሱን ለመሻት ሩቅ መጓዝ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ ብዙ ሳይርቅ በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ የተከናወነውን ሥራ መመልከት ይበቃል። ሥራው ላይ ላዩን ሲያዩት ተራ ነው፤ ሪሲቨር በሚባለው የቴሌቪዥን መቀበያ ሣጥን የተቀዳን አንድ ዝግጅት ከሣጥኑ አውጥቶ ወደ ኮምፒዩተር ማዛወር። ይሁን እንጂ ተራ የሚመስለው ሥራ ወደ ፍጻሜው ሲደርስ የመሣሪያ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሰው ጉዳይ ሆኖ ተገኝቷል።

አቃቂ በኢትዮጵያ የኢንዱስትሪ ታሪክ ውስጥ የራሷ ሥፍራ አላት። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የገባው የምድር ባቡር ዋና ከተማውን ከመርገጡ በፊት የሚያልፈው በእርሷ በኩል ነበር። የአገሪቱ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ አባ ሳሙኤል የተሠራውም በዚሁ በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው። ከ1950ዎቹ ዓመታት ወዲህ ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ የምግብ ማቀነባበሪያውና ሌላውም ፋብሪካ ተራ በተራ ሲቆም፣ ከየአቅጣጫው እንጀራ ፍለጋ የመጣው ሕዝብ በወንዙ ግራና ቀኝ ሠፈረ። የዕለት ኑሮውም በፀሐይ መውጣትና መግባት መመራቱ ቀርቶ በፋብሪካ ጥሩምባና በሦስት ፈረቃ መመራት ጀመረ።

ይህ ሕዝብ ሲመጣ ጉልበቱን ብቻ ይዞ አልመጣም። የየአገሩን ዘፈን፣ የየአገሩን ጭፈራ፣ ክራሩንና መሰንቆውንም ይዞ መጣ። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ዓ.ም. በየፋብሪካው የኪነት ቡድን ሲቋቋም በአንድ መሥመር ቆመው የጨፈሩት ሠራተኞች እርስ በርሳቸው የእግር አጣጣል የተማማሩት በምሳ ሰዓትና ከፈረቃ በኋላ ነበር። የሸዋው እስክስታ፣ የጉራጌው ጭፈራ፣ የኦሮሞው ዝላይ ከማሽኑ ጩኸት ርቆ በክበብ አዳራሽ ውስጥ ተገናኘ።

ነገሩ የሚመለከታቸው ወይዘሮ በእነዚያ ዓመታት ከአቃቂ ፋብሪካዎች በአንዱ በፈትል ክፍል የሚሠሩ ወጣት ነበሩ። ዛሬ ሰባ ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ጡረታ ከወጡም ቆይተዋል። በ1972 ዓ.ም. የፋብሪካቸው የኪነት ቡድን በቴሌቪዥን እንዲቀርብ ተመረጠና ሠላሳ የሚያህሉ ሠራተኞች በሠራተኛ ማመላለሻው አውቶቡስ ተጭነው ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። ወይዘሮዋ ከዚያ ቀን በይበልጥ የሚያስታውሱት የመብራቱን ሙቀትና «ወደዚህ ተመልከቱ፣ ወደዚያ አትዩ» የሚለውን የአሰናጁን ድምፅ ነው። የራሳቸውን ዝግጅት ግን ራሳቸው አላዩትም። በተላለፈበት ምሽት ከቡድኑ ግማሽ የሚሆነው የሌሊት ፈረቃ ገብቶ ነበር፤ የቀረውም ቢሆን በቤቱ ቴሌቪዥን የነበረው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ዝግጅቱ ሌላ ሰው አይቶት ያወራላቸው ነገር ሆኖ ቀረ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ለረጅም ዘመን ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር፤ ምስሉም ጥቁርና ነጭ። ቀለም የመጣው አሥረኛው የአብዮት በዓል በተከበረበት ወቅት፣ በ1977 ዓ.ም. መግቢያ ነው። ከዚህም የተነሣ የአቃቂዎቹ ሠራተኞች በ1972 ለብሰውት የቀረቡት ቀይና አረንጓዴ ጥለት በምስሉ ላይ ግራጫ ነው። የጥለቱን ቀለም ዛሬ የሚያውቁት የለበሱት ብቻ ናቸው።

በዚያ ዘመን የቴሌቪዥን ምስል የሚቀዳበት ካሴት ውድ ነበርና የቀድሞውን አጥፍቶ በላዩ ሌላ መቅዳት በብዙ አገር የተለመደ ነበር። የእንግሊዙ ቢቢሲ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ካሰራጫቸው ዝግጅቶች ብዙዎቹን በዚህ መንገድ አጥቷቸዋል። «ዶክተር ሁ» ከተባለው ዝነኛ ተከታታይ ድራማ ብቻ ወደ መቶ የሚጠጉ ክፍሎች ከመዝገብ ቤቱ ጠፍተዋል። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳም ሰው በ1969 እ.ኤ.አ. ጨረቃን ሲረግጥ በቀጥታ የተቀበለው የመጀመሪያው ምስል ያረፈባቸው ካሴቶች ተደምስሰው ለሌላ ሥራ ሳይውሉ እንዳልቀሩ በ2009 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። የጨረቃው ጉዞ ይህ ከደረሰበት የአቃቂ ፈታዮች ጭፈራ ከመደምሰስ ቢተርፍ እንደ ዕድል የሚቈጠር ነው።

ተርፎም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የበዓል ዋዜማ ምሽት፣ ከቀድሞ ዝግጅቶች መካከል ተመርጦ እንደ ገና ሲተላለፍ ወይዘሮዋ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። በመጀመሪያ ያስደነገጣቸው ምስሉ ሳይሆን ድምፁ ነው፤ ከበሮው። ያን ጊዜ ገና ታዳጊ የነበረው የልጅ ልጃቸው የአያቱን ፊት አይቶ ሪሞቱን አነሣና ቀይ ነጥብ ያለበትን ቁልፍ ተጫነ። ከዝግጅቱ መጀመሪያ ጥቂት ደቂቃዎች አልፈው ነበር። ከዚያም 43 ደቂቃ ያህል እንደ ተቀዳ መብራት ሄደና ቀረጻው በዚያው ተቋረጠ። መሐሉ ግን ተያዘ፤ መቀበያው ላይ በተሰካ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ተቀመጠ። ቤተሰቡም «ተቀድቷል» ብሎ ተማመነ።

የዚህች 43 ደቂቃ ጉዞ ራሱ የሚያስደንቅ ነው። ከከተማው መሐል እስከ አቃቂ ያለው መንገድ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የቴሌቪዥኑ ምስል ግን የሚሄደው በደብረ ዘይት መንገድ አይደለም። ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ወጥቶ፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ከምድር ወገብ በላይ ከቆመችው ሳተላይት ደርሶ፣ ያንኑ ያህል ቍልቍል ወርዶ በቆርቆሮ ጣራ ላይ በተተከለ ዲሽ ያርፋል። በ2012 ዓ.ም. ገደማ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ኢትዮሳት በተባለው መድረክ ሲሰባሰቡ የአቃቂ ዲሾችም ፊታቸውን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያዞሩት ለዚህች ሳተላይት ብለው ነው። በቤቱ ያለው መቀበያ ይህን ምልክት የሚቀበለው እንደ ሥዕል ሳይሆን እንደ ቍጥር ጅረት ነው። ጅረቱ እያንዳንዳቸው 188 ባይት በሆኑ ጥቃቅን ጥቅሎች የተከፋፈለ ሲሆን የየጥቅሉ የመጀመሪያ ቍጥር ዘወትር 71 ነው፤ መሣሪያው አንዱ ጥቅል የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር የሚለየው በዚህ ምልክት ነው። ሰው «ቅዳ» ብሎ ሲያዝ ሣጥኑ የሚያደርገው ይህንኑ ጅረት ወደ ዲስኩ ማፍሰስ ነው። በሰከንድ አራት ሚሊዮን ቢት በሚፈስበት ጣቢያ የአንድ ሰዓት ዝግጅት 1.8 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። እንዲህ ሲሰላ የወይዘሮዋ 43 ደቂቃ ከ1.3 ጊጋባይት አይበልጥም። ዛሬ በኪስ የምትያዝ ፍላሽ ይህን ሃምሳ ጊዜ ልትሸከም ትችላለች።

ችግሩ ያለው መጠኑ ላይ ሳይሆን መውጫው ላይ ነው። ሣጥኑ ማርጀት ጀመረ። ሲሞቅ በራሱ ይጠፋል፤ አንዳንድ ቀን ጨርሶ አልነሣም ይላል። በቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ የሚሠራ አንድ የዲሽ ባለሙያ አንድ ጊዜ ከፍቶ ኃይል ሰጪውን ክፍል ቀየረለትና «ከእንግዲህ ብዙም አትመኑበት» አለ። ያን ጊዜ የልጅ ልጁ ጎልምሶ በአንድ ኮሌጅ የኮምፒዩተር ትምህርት ይከታተል ነበርና ዝግጅቱን ለማውጣት ተነሣ።

መጀመሪያ የሞከረው ማንም ሰው የሚሞክረውን ነው። ዲስኩን ከሣጥኑ ነቅሎ ኮምፒዩተሩ ላይ ሰካው። ኮምፒዩተሩም ዲስኩን ከመጠቀም በፊት ፎርማት ማድረግ እንደሚያስፈልግ አስታውቆ «ፎርማት ይደረግ?» ሲል ጠየቀ። ብዙ የቤተሰብ ቅርስ የጠፋው በዚህች ጥያቄ ላይ ነው። ጥያቄዋ በትሕትና የቀረበች፣ ለሥራው የምትረዳ ትመስላለች። ትርጕሟ ግን በዲስኩ ላይ ያለውን የማውጫ መዝገብ ሰርዞ ዲስኩን ባዶ ነው ብሎ ማወጅ ነው። ወጣቱ እጁን ሰብስቦ አያቱን ተመለከተ።

«እማማ፣ ኮምፒዩተሩ ዲስኩን አላውቀውም ይላል። አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጀምር ወይ ብሎ ይጠይቃል።»

«ያላወቁትን ማጥፋት ምን የሚሉት ሥራ ነው? ተወው ልጄ፤ ንቀልና መልሰው» አሉ ወይዘሮዋ።

ነገሩን ያዳነው ይህ መልስ ነው። በእርግጥም ዲስኩ ባዶ አልነበረም። ከእነዚህ መቀበያዎች ብዙዎቹ በውስጣቸው የሚሠሩት በሊኑክስ ሥርዐት ስለሆነ ዲስኩን የሚያደራጁት በዚያው በሊኑክስ አደረጃጀት ነው። በብዙ ቤት ያለው ዊንዶውስ ደግሞ ይህን አደረጃጀት ማንበብ አልተማረም። ማንበብ የማይችል ሰው መጽሐፍን «የተሞነጫጨረ ወረቀት» እንደሚለው ሁሉ ኮምፒዩተሩም ያላነበበውን ባዶ አለው። ወጣቱ ከጓደኛው ሊኑክስ የተጫነባት ፍላሽ ተውሶ ኮምፒዩተሩን በእርሷ ሲያስነሣ ዲስኩ ተከፈተ። ፋይሎቹ በጣቢያው ስምና በቀኑ ተሰይመው ተደርድረው ታዩ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥም ተገለበጡ።

ተገልብጠው ግን አልታዩም። ፋይሉ ሲከፈት ማያው ጥቁር ሆነ፤ አልፎ አልፎም ግራጫ አራት ማዕዘኖች ብልጭ ድርግም አሉበት። አንዳንድ መቀበያዎች የሚቀዱትን ሁሉ በምስጢር ቍጥር ቆልፈው ነው የሚያስቀምጡት፤ የምስጢሩም ቍጥር ያለው በዚያው ሣጥን ሆድ ውስጥ ነው። ይህ የሆነው በክፍያ የሚታዩ ጣቢያዎች ዝግጅት ተቀድቶ እንዳይሸጥ ለመከላከል ነው። መቈለፊያው ግን በነጻ የተሰራጨውን የፈታዮች ጭፈራና በክፍያ የሚታየውን የእግር ኳስ ግጥሚያ ለይቶ አያውቅም። ሁለቱንም ቆለፋቸው። እንግዲህ ቤተሰቡ ለዓመታት «ተቀድቶ አለ» ብሎ የተማመነበት ነገር በእውነቱ የአንድ ያረጀ ሣጥን እስረኛ ነበር። ሣጥኑ በሞተ ቀን ምስሉ በዲስኩ ላይ ሙሉ ሆኖ እያለ ከሌለ የማይለይ ይሆናል።

የቀረው መንገድ አንድ ነበር፤ ሣጥኑ በሕይወት ሳለ ራሱ እንዲያጫውተው ማድረግና ሲያጫውት መቀበል። መቀበያው በጀርባው ምስልና ድምፅ ወደ ቴሌቪዥን የሚያስተላልፍባቸው ሦስት ቀዳዳዎች አሉት፤ ቢጫው ለምስል፣ ቀዩና ነጩ ለድምፅ። ከእነዚህ የሚወጣው ሽቦ በቴሌቪዥኑ ፈንታ ካፕቸር ከሚባል ትንሽ መሣሪያ ጋር ይያያዛል። መሣሪያውም የሚመጣውን ምስል በሰከንድ 25 ጊዜ እየቈጠረ ለኮምፒዩተሩ ያቀብላል። በዚህ መንገድ ሲሄድ ምስሉ ከጥራቱ ጥቂት ያጣል፤ ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ይጠጋል። ፋይል እንደ መገልበጥም ፈጣን አይደለም። የ43 ደቂቃ ዝግጅት ለመዛወር 43 ደቂቃ ይፈጃል፤ ማጣደፍ አይቻልም። ወጣቱ ይህን እንደ ጉድለት ቈጥሮት ነበር።

የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረገው በሌሊት፣ ብቻውን ነው። በ19ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ። የአገሪቱ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ በተሠራበት ወንዝ ዳር እየኖሩ ኩራዝ መፈለግ ለአቃቂ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ወጣቱ በዚያች 19 ደቂቃ ውስጥ ምን እንዳየ በማግሥቱ ሲጠየቅ የሰጠው መልስ አጭር ነበር፤ «ሰዎች ተሰልፈው ይጨፍራሉ።» ሐሰት አልተናገረም። በምስሉ ላይ ያለው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ሙከራ የተደረገው በእሑድ ቀን፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ወይዘሮዋ ባሉበት ነው። ሣጥኑ እንዳይሞቅ ክዳኑ ተነሥቶ ማራገቢያ ተደቀነበት። ምስሉ ሲጀምር አያትየው ዝም ብለው አላዩም። እያንዳንዱ ፊት በማያው ላይ ሲያልፍ ስም መጥራት ጀመሩ። ወጣቱ በመጀመሪያ ፈገግ ብሎ ያዳምጥ ነበር፤ ኋላ ግን ደብተር አምጥቶ ይጽፍ ጀመር።

የሚጠሩት ስም ብቻ አልነበረም። «ይኼ ጥጥ ማበጠሪያ ክፍል ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ጩኸት ወጥቶ መሰንቆ ሲገዘግዝ ጆሮው እንዴት እንደሚሰማለት እንገረም ነበር» ይላሉ። «ይቺን እያት፤ በዋዜማው እግሯ ላይ ብረት ወድቆባት እያነከሰች ነው የመጣችው። ስትጨፍር ይታወቅባታል?» ይላሉ። የምስሉን ግራጫ ጥለት እየጠቆሙም «ይኼ ቀይ ነው፤ የዚያኛዋ አረንጓዴ፤ ክሩን ያመጣነው ከራሳችን ፋብሪካ ነው» ሲሉ ወጣቱ ጻፈው። አንድ ሰው ግን ወዲያው ሊያውቁ አልቻሉም፤ ራሳቸውን። በ1972 የነበሩትን ራሳቸውን በእንቅስቃሴ አይተው ስለማያውቁ በኋላኛው ረድፍ ይፈልጉ ነበር። በፊተኛው ረድፍ ከግራ ሦስተኛ መሆናቸውን ያገኘው የልጅ ልጃቸው ነው፤ በግንባሯ የገዛ እናቱን መሰለችው።

43 ደቂቃው አልቆ ሲቈጠር በምስሉ ላይ ፊታቸው የሚለይ 31 ሰዎች ተገኙ። ወይዘሮዋ 24ቱን አወቁ። ሰባቱ ቀሩ። የሌሊቱ ሙከራ መብራት ባይሄድበትና ሳይቋረጥ ቢያልቅ ኖሮ ምስሉ በኮምፒዩተር ውስጥ በደኅና ይቀመጥ ነበር፤ ደብተሩ ግን አይኖርም ነበር። መሣሪያው ቶሎ መሮጥ አለመቻሉ ነው አያትና የልጅ ልጅን አንድ ላይ ያስቀመጣቸው።

በቀጣዩ ወር ኮምፒዩተሩ ወደ ዕድር ስብሰባ ተወሰደ። የዕድሩ አባላት አብዛኞቹ የፋብሪካ ጡረተኞች ናቸው። ገንዘብ ከተከፈለና ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ምስሉ ታየ። ድንኳኑ ውስጥ የተነሣው ሁካታ ቀላል አልነበረም። ከበሮ የሚመታው ሰው ማን እንደሆነ ሁለት አዛውንት ሳይስማሙ ተለያዩ፤ አንዱ የሽመና ክፍሉ ነው ሲሉ ሌላው የጥገናው ነው ብለው ጸኑ። ደብተሩ ላይም ሁለቱም ስም ተጻፈ። ከሰባቱ የአራቱ ስም ተገኘ። ሦስቱ ግን እስከ ዛሬ አልታወቁም።

ስማቸው በዕድሩ ላይ ከተገኘው ከአራቱ አንዱ በኋለኛው ረድፍ ቆሞ የሚያጨበጭብ ረጅም ወጣት ነው። ይህ ሰው በ1970ዎቹ ወደ ሰሜን ግንባር ሄዶ አልተመለሰም። ሲሄድ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከእርሱ የቀረው ለመታወቂያ የተነሣው አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ሴት ልጁ ዛሬ የልጆች እናት ሆና ከቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በአንዱ ትኖራለች። ዕድርተኞቹ ልከውባት መጣች።

አባቷ በምስሉ ላይ የሚታየው ለ11 ሰከንድ ነው። በሰከንድ 25 ምስል ቢባዛ 275 ምስል መሆኑ ነው። ወጣቱ እነዚህን 11 ሰከንዶች ለይቶ ደጋግሞ አሳያት። መጀመሪያ አላለቀሰችም፤ ትኵር ብላ ተመለከተች። ቀጥላ የጠየቀችው ማንም ያልጠበቀውን ነው። «ግራኝ ነበር እንዴ?» አለች። አባቷ ሲያጨበጭብ ከላይ የሚውለው የግራ እጁ ነበር። ከቡድኑ አንዱ አዛውንት ጥቂት አስበው «አዎን፣ ግራኝ ነበር፤ ቁልፍ የሚያዞረው በግራው ነበር» አሉ። ሁለተኛ ልጇ ግራኝ ነው። በቤተሰቡ ውስጥ ከማን እንደወረሰው የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ጉርድ ፎቶግራፍ ይህን ሊነግራት አይችልም ነበር። ምስሉ ብቻውንም ቢሆን ሊነግራት አይችልም፤ ያ ረጅም ወጣት አባቷ መሆኑን የሚናገር ሰው ባይገኝ ኖሮ 275ቱም ምስሎች ለእርሷ የማንም ሰው ምስሎች ነበሩ። ከሁለቱ አንዱ ቢጐድል ልጅቱ አባቷን አታገኝም ነበር።

እንዲህ ያለውን ቅጂ በቤት ማስቀመጥ በሕግ በኩልም የሚያስነቅፍ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶችን ለማስጠበቅ በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 410 አንድ ግለሰብ ታትሞ ከወጣ ሥራ ለግል ጥቅሙ ብቻ አንድ ቅጂ እንዲያዘጋጅ ይፈቅዳል። በአሜሪካም የከፍተኛው ፍርድ ቤት በጥር ወር 1984 እ.ኤ.አ.፣ የቴሌቪዥን ዝግጅትን ኋላ ለማየት በቤት መቅዳት ጥፋት አይደለም ሲል በሶኒ ካሴት መቅጃ ጉዳይ ፈርዷል። የአቃቂውን ቤተሰብ ያስቸገረው እንግዲህ ሕጉ ሳይሆን መቈለፊያው ነው። መቈለፊያ የሚከለክለው ሌባን ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱም ዕቃውን አስቀምጦ ከቆየ ይከለክለዋል።

በዚህ ረገድ የአንዲት የፊላደልፊያ ነዋሪ ሥራ ሊታወስ ይገባዋል። ማሪዮን ስቶክስ የተባለችው ይህች ሴት ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ድረስ የቴሌቪዥን ዜና ሌት ተቀን ስትቀዳ ኖረች። ትታው ያለፈችው የካሴት ክምችት ወደ 70,000 የሚደርስ ሲሆን ኢንተርኔት አርካይቭ ለተባለው ድርጅት ተሰጥቷል። ጣቢያዎቹ ራሳቸው ያላስቀመጡትን አንዲት ሴት በቤቷ አስቀመጠች። ሆኖም የካሴቶቹ መቀዳት የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ካሴት ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር የተቀዳበትን ያህል ጊዜ ይጠይቃል፤ እንደ አቃቂው ሣጥን ሁሉ እርሱም አይጣደፍም።

በአቃቂም ሆነ በሌላ ሥፍራ በየቤቱ አልጋ ሥርና ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠው ቅጂ ብዙ ነው። ቪኤችኤስ ካሴት ያለው አለ፤ ማጫወቻው ግን የለውም። የዚህን ካሴት ማጫወቻ ሲሠራ የቆየው የመጨረሻው የጃፓን ኩባንያ ፉናይ በ2016 እ.ኤ.አ. ማምረቱን አቁሟል። ሲዲ ያለው አለ፤ ተፋፍቆ አይነበብም። በሪሲቨር የቀዳም አለ፤ የሣጥኑን ዕድሜ የሚያህል ዕድሜ ብቻ እንዳለው አያውቅም። እነዚህን ሁሉ ለማዛወር የሚያስፈልገው መሣሪያ ዛሬ በከተማው ይገኛል፤ ባለሙያውም አለ። በገበያ የማይገኘው ሌላ ነው። በ1972 ሃያ አራት ዓመት የሆናቸው ሰዎች ዛሬ ሰባ ዓመት ሆኗቸዋል። ምስሉ በሚቀጥለው ዓመትም ሊዛወር ይችል ይሆናል፤ ስም የሚጠራው ሰው ግን እስከዚያ ላይቈይ ይችላል። ስለዚህ ሥራው ሲጀመር መቅደም ያለበት አረጋዊውን ከማያው ፊት ማስቀመጥ ነው፤ ሽቦው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

እንግዲህ በመነሻው ወደ ተነሣው ጥያቄ ሲመለሱ ምስል ከቃልም ከጽሑፍም ወገን ብቻውን አይቆምም። ቃል ካልተጨመረለት የተሰለፉ ሰዎች ጭፈራ ነው፤ ቃሉም ካልተጻፈ ከተናጋሪው ጋር ያልፋል። የሚወረሰው ሦስቱ በአንድ ላይ ሲገኙ ነው።

ወጣቱ ይህን ያደረገው በቀላል መንገድ ነው። ደብተሩን በኮምፒዩተር ጽፎ ከምስሉ ጋር በአንድ ማኅደር አኖረው፤ እያንዳንዱ ስም በየትኛው ደቂቃና ሰከንድ ላይ እንደሚታይ ጭምር። አንዱ ቅጂ በአያቱ ቤት፣ ሌላው በቱሉ ዲምቱ በልጅቱ ቤት ይገኛል። በዝርዝሩ ላይ ሦስት መሥመሮች ባዶ ናቸው። በ12ኛው ደቂቃ በክራሩ አጠገብ የቆመው አጭር ሰው፣ በ26ኛው ደቂቃ ሻሿ ሲወልቅ እየሳቀች የምታነሣው ሴት፣ በ38ኛው ደቂቃ ከመጋረጃው ዘንድ ጀርባውን ሰጥቶ ዞር የሚለው ልጅ እግር። በፋብሪካዎቹ ከሠሩት መካከል የሚያውቃቸው ሰው አይጠፋም፤ መሥመሮቹም እርሱ እስኪመጣ ክፍት ናቸው።